እጁን የዘረጋው ጠላት

ሰው በወላጁ ይረገማል፣ በጎረቤቱ ይረገማል፤ እኔ ግን የተረገምኩት በቴሌቪዥን ነው። አትሳቁ። ወይም ደግሞ ሳቁ፤ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ያልሳቀብኝ ሰው ስለሌለ እናንተ ብትጨመሩ የሚጎድልብኝ ነገር የለም።

ከሁሉ በፊት ግን ጥፋቱ የኔ ሳይሆን የሙቀቱ መሆኑ ይታወቅልኝ። የመጋቢትን ቀትር ጋምቤላ ውስጥ ያላሳለፈ ሰው ሙቀት አውቃለሁ ቢል አትመኑት። መሥሪያ ቤታችን በቀትር ይዘጋል፤ ፀሐይዋ ትንሽ ልብ ስትገዛ እንደገና ይከፈታል። በመሃል ያለውን ሰዓት የሚገፋበት ዘዴ ሁሉም የየራሱ አለው። አለቃዬ ባሮ ወንዝ ገብቶ እስከ አንገቱ ይቀመጣል። "አዞ አለ እኮ!" ሲሉት "አዞም በዚህ ሙቀት የምግብ ፍላጎት የለውም" ይላል። ጎረቤቴ ማንጎ ዛፍ ሥር ፍራሽ ዘርግቶ፣ ማንጎ አናቱ ላይ እስኪወድቅ ድረስ ይተኛል። እኔ የመረጥኩት የጀማልን ጌም ቤት ነው።

የጀማል አባት ከጅማ መጥተው ገበያው ዳር ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። እሱም እዚሁ ተወልዶ፣ እዚሁ አድጎ፣ ሱቁን ወርሶ፣ ከሱቁ ጎን ያለችውን ክፍል ጌም ቤት አደረጋት። እኔን የሳበኝ ጌሙ አልነበረም፤ ቬንቲሌተሩ ነው። የጀማል ቬንቲሌተር ሲነሣ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፣ ሸሚዝ ይነፋል፣ ላብ በመጣበት ይመለሳል። ጀማል ግን ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ነፋስ በነፃ አይሰጥም። "ነፋሱ ፊት የሚቀመጥ ይጫወታል፤ የማይጫወት በር ላይ ይቁም" የሚል ሕግ አወጣ። እንግዲህ እኔ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ በዚያ ላይ ለጋብቻ ሽማግሌ የላክሁ ሰው፣ ጆይስቲክ የጨበጥኩት ለነፋስ ስል ነው።

ሽማግሌ የላክሁት አቶ ኦኬሎ ቤት ነው። ልጃቸው አጁሉ ጀዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት። ጠዋት በሰርቪስ ትሄዳለች፣ ማታ አቧራ ለብሳ ትመለሳለች፤ አቧራ የሚያምርበት ሰው ያየሁት እሷን ብቻ ነው። እወዳታለሁ። ይህን ለማሳመር ሌላ ቃል አልፈልግም። አባቷ ግን እሺም እምቢም አላሉም። ቃላቸውን የሚሰጡት ቅዳሜ፣ አጎቶቿ ከአቦቦ ሲመጡ ነው ተብሎ ተቀጥሮልኛል። ስለዚህ እስከ ቅዳሜ ድረስ የሚጠበቅብኝ ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ ጨዋ ሰው መስሎ መቆየት።

አሁን ወደ ጌሙ ልግባ። ሰይፍ የታጠቀ ሰውዬ ዋሻ ውስጥ ይገባል። ዘንዶ ይገጥመዋል፣ እሳት የሚተፋ የሌሊት ወፍ ይገጥመዋል። እነዚህ አያስቸግሩም፤ ጠላትነታቸውን ፊታቸው ይናገራል። ከመጨረሻው የብረት በር ፊት ግን አንድ ሌላ ፍጡር ቆሟል። ጎበጥ ያለ ነው፤ ግራጫ ልብስ ለብሷል፤ ዝናብ የመታው ዶሮ ይመስላል። ሰይፍ የለውም፣ አይጮህም፣ አይሮጥም። ቀኝ እጁን ዘርግቶ ቀስ እያለ ወደ አንተ ይመጣል። በሰይፍ ቢመቱት አይሞትም፤ ዞረው ቢያልፉት በሩ አይከፈትም። ከነካህ ግን ተረገምክ። የጌም ቤቱ ደንበኞች "ሰላምተኛው" ይሉታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ የቆምኩ ዕለት ክፍሉ በሙሉ "ሽሽ! ሽሽ!" እያለ ጮኸብኝ። እኔ ደግሞ እናቴ ያሳደገችኝ ሰው ነኝ። የተዘረጋ እጅ ትቶ መሸሽ ምን የሚሉት ብልግና ነው? እዚህ አገር እኮ ሰው ከተጣላው ሰው ጋር እንኳ መጀመሪያ ተጨባብጦ ነው ጭቅጭቁን የሚቀጥለው። ሰውዬዬን አቆምኩና ጠበቅሁት። መጣ፤ ነካኝ።

"ተረገመ!" አለ ቤቱ ባንድ ድምፅ።

ከሰውዬዬ ራስ ላይ ሐምራዊ ጭስ ተነሣ። ሰላምተኛው ተመልሶ በሩ ሥር ሄደና እጁን እንደዘረጋ ቆመ። እኔ ወደ ግራ ስል ሰውዬው ወደ ቀኝ፤ ወደ ቀኝ ስል ወደ ግራ። መንገዷ ጠባብ ናት፣ ከጎኗ ገደል አለ። ቀጥ ብሎ ገደል ገባ። ሲወድቅ እኔም አብሬ ዘምሜ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጭን ላይ አረፍኩ።

"ወንድሜ፣ እሱን ማን ጨብጥ አለህ?" አለኝ ጀማል።

"እጁን ዘርግቶ እያየሁት!"

"ወላሂ፣ አንተን የሚገድልህ ጨዋነትህ ነው።"

ይህን ጊዜ እልህ ያዘኝ። እልህ ደግሞ እንደ ወባ ነው፤ አንዴ ከገባ ሰዓቱን ጠብቆ ይነሣል። በየቀትሩ እየመጣሁ ሽሽት መለማመድ ጀመርኩ። በሩን ማንም ከፍቶት ስለማያውቅ የጌም ቤቱ ክብር ሁሉ በሰላምተኛው ሳይነኩ ብዙ መቆየት ሆኖ ነበር። ያመለጠ ሰው ሁለት እጁን ወደ ላይ አንሥቶ "አልነካኝም!" ብሎ ይጮኻል፤ ቤቱ ያጨበጭብለታል። ቀስ በቀስ እኔም ሠለጠንኩ። የተዘረጋ እጅ ገና ብቅ ሲል አውራ ጣቴ ከሐሳቤ ቀድሞ ይፈተለክ ጀመር።

ችግሩ፣ ሥልጠናው አውራ ጣቴ ላይ አልቆመም። ወደ እግሬ ወረደ። ገበያ ውስጥ ዓሣ የምትሸጥ ሴት ዓሣዬን በፌስታል አድርጋ ስትዘረጋልኝ ወደ ኋላ ዘልዬ የሰው ቲማቲም ረገጥኩ። አለቃዬ እስክሪብቶ ሲያቀብለኝ ራሴን ጠረጴዛ ሥር አገኘሁት።

"ምን ጠፋብህ?" አለኝ ጎንበስ ብሎ።

"እስክሪብቶ።"

"ይኸው እጄ ላይ ነው እኮ!"

ያኔ ነበር ማቆም የነበረብኝ። ግን ማን ያቆማል? ያ ሁሉ ጭብጨባ ተትቶ ወደ ማንጎ ሥር ፍራሽ ይኬዳል?

እሑድ ደረሰ። አቶ ኦኬሎ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ጸሎቱ ሲያልቅ በሩ ላይ ቆመው ምእመኑን አንድ በአንድ ጨብጠው መሸኘት የሳቸው ድርሻ ነው። በዚያን ቀን ሁሉም ነገር ተባበረብኝ። ግራጫ ኮታቸውን ለብሰዋል። ወገባቸውን ስላመማቸው ጎበጥ ብለዋል። ከበሩ ጥላ ውስጥ ብቅ ብለው፣ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው፣ ቀስ እያሉ ወደኔ መጡ።

እግሬ አልጠየቀኝም። ወደ ኋላ ዘለልኩ፣ በግራ በኩል ተጠማዘዝኩ፣ በጀርባቸው ዞርኩ፣ አንድ እግሬን የመዘምራኑ ከበሮ ውስጥ አስገባሁ። ይህ ሁሉ ይቅር ሊባል ይችል ነበር፤ ሰው ይሰናከላል። ይቅር የማይባለው ቀጥሎ የመጣው ነው። ሁለት እጄን ወደ ላይ አንሥቼ፣ በዚያ ሁሉ ምእመን ፊት፣ "አልነካኝም!" ብዬ ጮኽኩ።

ያጨበጨበልኝ አልነበረም።

አቶ ኦኬሎ እጃቸውን አዩ። አገላበጡና እንደገና አዩት። እኔና እሳቸው የምንነጋገረው በአኙዋክኛ ነው፤ ሲቆጡ ግን ወደ አማርኛ ይሻገራሉ። ዕድሜ ልካቸውን ቢሮ የሠሩ ሰው ስለሆኑ አማርኛ ለሳቸው የደብዳቤና የቁጣ ቋንቋ ነው።

"ይሄ እጅ ምን ሆነ?" አሉ በአማርኛ።

እኔ ከከበሮው ውስጥ እግሬን ሳወጣ እሳቸው ሄደዋል። ከሰዓት በኋላ ወሬው ከተማውን አዳረሰ። አንዱ "ሽማግሌው በሽታ ቢኖራቸው ነው" አለ። ሌላው "ልጁ ሃይማኖት ቀይሮ ነው" አለ። ሦስተኛው ደግሞ "የለም፣ ልጅቷን ትቷት ነው፤ ለመገላገል ብሎ ነው" አለ። ይህኛው ወሬ ጀዊ ድረስ ሄደ። ስልኬ ጮኸ።

"አባቴ ምሳ አልበላም" አለች አጁሉ። ሰላምታ የለም። "እጁን እያየ ተቀምጧል አሉኝ ከቤት ደውለው። ምን አድርጎህ ነው?"

"ምንም አላደረጉኝም። ጌም ነው።"

"ምን?"

"ጀማል ጌም ቤት አንድ ጠላት አለ፤ እጁን ዘርግቶ ይመጣል፤ ከነካህ ትረገማለህ..."

ጀዊ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ የተቆረጠ መስሎኝ "ሃሎ?" አልኩ።

"አለሁ። እኔ እዚህ ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ስነካ እውላለሁ፤ የታመመ፣ የቆሰለ፣ የሚያለቅስ። አንተ ቴሌቪዥን ውስጥ ካለ ሰው ትሸሻለህ?"

"ይቅርታ።"

"ይቅርታው ለኔ አይደለም። አባቴ 'እጄን ለተጸየፈ ሰው ልጄን አልሰጥም' ብሏል። ቅዳሜ አጎቶቼ ፊት ይሄንኑ ይደግማል፤ ከደገመው ደግሞ አይመልሰውም፤ አውቀዋለሁ። እኔ አንተን መርጫለሁ። ሂድና አባቴን አናግር።"

"መርጫለሁ" የሚለውን ቃል ከአፏ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ጊዜ ነበር፤ የሰማሁት ደግሞ ላጣት ስል ነው።

አቶ ኦኬሎን ያገኘኋቸው ባሮ ዳርቻ፣ ድሮ መርከብ ይቆምበት በነበረው ቦታ አጠገብ፣ መረባቸውን ሲጠግኑ ነው። እየተጠጋሁ ስሄድ ያስጨነቀኝ እጄ ነው። ወደ ኋላ ባደርገው የደበቅሁት ይመስላል። ኪሴ ብከተው ንቀት ነው። ብዘረጋው በምን አፌ? በመጨረሻ ሁለቱንም ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ ቁርባን እንደሚቀበል ሰው ፊታቸው ቆምኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቬንቲሌተሩን፣ የጀማልን ሕግ፣ ዋሻውን፣ ሰላምተኛውን። መረባቸውን እየጠገኑ ሰሙኝ።

"ይሄ ነገር ሰይጣን ነው?" አሉ።

"አይደለም አባቴ፤ ጌም ነው።"

"የነካውን ሁሉ ይረግማል?"

"አዎ።"

"ለምን?"

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ጀማልም፣ የባጃጅ ሹፌሮቹም፣ እኔም። "እንጃ" አልኩ።

"እርግማን ያለ ምክንያት አይመጣም። ማን በደለው? አልጠየቃችሁትም?"

"አይናገርም እኮ፣ አባቴ።"

"እጁን ዘርግቶ ቆሟል አላልክም? ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ይናገር?" አሉና መረቡን አስቀመጡት። ከዚያ ወደ አማርኛ ተሻገሩ። "ነገ ታሳየኛለህ። ውሸት ከሆነ፣ አለቀ።"

በማግሥቱ ቀትር ላይ አቶ ኦኬሎ ያንኑ ግራጫ ኮት ለብሰው፣ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አስከትለው ጌም ቤት ገቡ። ጀማል ሲያያቸው መጀመሪያ ሊያዘጉበት የመጡ መስሎት ፊቱ ተለዋወጠ። ነገሩን በጆሮው ስነግረው ግን ወዲያው ባለቤት ሆነ።

"መርሐባ፣ አባቶቻችን! ይግቡ! አንተ ተነሣ፣ አንተም ተነሣ!" ብሎ ደንበኞቹን ከነፋሱ ፊት አባረረ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ቬንቲሌተሩ ፊት ተደረደሩ። ኮቶቻቸው ተነፉ። ቀዝቃዛ ለስላሳ ቀረበ። ያን ሕግ ማንም አላነሣውም።

እኔ ጆይስቲኩን ያዝኩ። ሽማግሌዎቹ ለእያንዳንዱ ነገር አስተያየት አላቸው። ለዘንዶው "ይሄ አዞ ነው፤ ግን ጤና የለውም" አሉ። የሌሊት ወፎቹን ሳሳድድ "ተዋቸው፣ ምን አደረጉህ?" አሉ። እንዲህ እየተባልኩ የብረት በሩ ጋ ደረስኩ። ሰላምተኛው ከጥላው ውስጥ ብቅ አለ፤ ጎበጥ ብሎ፣ ግራጫ ልብሱን ለብሶ፣ እጁን ዘርግቶ።

አቶ ኦኬሎ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩት። ኮታቸውንም አዩ።

"እኔን የመሰለህ ይሄ ነው?"

ቤቱ ሳቁን ዋጠ። አንዱን ሽማግሌ ለስላሳው ትን አላቸው።

"በኮቱ ነው አባቴ፤ በኮቱ ብቻ።"

መሸሽ ጀመርኩ። በሸሸሁ ቁጥር አቶ ኦኬሎ ምላሳቸውን ጠቅ ጠቅ ያደርጋሉ። "ሽማግሌ ነው እኮ! ቁም እንጂ! ትልቅ ሰው ታስሮጣለህ?" ይሉኛል። ከወዲያ ደንበኞቹ "ሽሽ!" ይሉኛል። በሁለቱ መሃል ስዋልል ሰላምተኛው ደረሰና ነካኝ።

"ተረገመ!"

ሐምራዊው ጭስ ተነሣ። ሰላምተኛው ወደ በሩ ተመለሰ። እኔም እንደ ልማዴ፣ ገደሉን ታክኬ ከዋሻው ለመውጣት ሰውዬዬን አዞርኩ።

"ቁም!" አሉ አቶ ኦኬሎ፣ በአማርኛ። ተነሥተው ቆሙ። "ሰላምታ እንዲህ ነው? ነካ አድርጎ ሩጫ? እናትህ እንዲህ አስተማረችህ? ሰው አንዴ ይጨበጣል፤ ደህና ነህ ይባላል፤ ቤተሰብ ይጠየቃል፤ ሲለያዩ እንደገና ይጨበጣል። እናንተ ሁላችሁ ግማሽ ሰላምታ ሰጥታችሁት ነው የምትሮጡት። እኔም ብሆን እረግማለሁ!"

"አባታችን፣" አለ ጀማል በትሕትና፣ "ሁለተኛ ከነካው እኮ ይሞታል።"

"ማን ሞተ?"

ጀማል ወደ ደንበኞቹ ዞረ። ደንበኞቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሁለተኛ የጨበጠው ሰው አልነበረም።

እዚህ ላይ ልቤ ቆመች ብል ውሸት ነው፤ እንደ ቬንቲሌተሩ ነው የዞረችው። ብመለስና ሰውዬው ቢሞት በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የሳቸውን ቃል ውሸት አደረግሁ፤ አለቀልኝ። ብሸሽ ደግሞ ከሳቸው እጅ ለሁለተኛ ጊዜ መሸሼ ነው። የአጁሉ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። ሰውዬዬን ወደ በሩ አዞርኩት።

ከገደሉ ጎን ያለችው መንገድ ያን ቀን ይበልጥ የጠበበች መሰለችኝ። ግራ ለመሄድ ቀኝ፣ ቀኝ ለመሄድ ግራ። አንዱ "ግራ!" ይላል፣ ሌላው "ቀኝ!" ይላል፣ ሦስተኛው "የሱ ግራ ነው ወይስ የጆይስቲኩ?" ብሎ ጭቅጭቅ ያነሣል። የሰውዬው አንድ እግር ገደሉ ላይ ተንጠለጠለ።

"ዝም በሉ!" አሉ አቶ ኦኬሎ። "ልጄ እየሄደ ነው።"

እኔም "ልጄ" የሚለውን ልብ ያልኩት በኋላ ነው፤ ያኔ የማየው ያቺን የተዘረጋች እጅ ብቻ ነበር። አውራ ጣቴ ሽሽ ይለኛል፣ እኔ አይሆንም እለዋለሁ። ከገዛ ጣቴ ጋር እየታገልኩ ደረስኩ። ጨበጥኩት።

ሐምራዊው ጭስ ነጣ። ሳሳ። ጠፋ። ሰላምተኛው ጉብጠቱ ቀና አለ። እጁን ቀስ ብሎ አወረደ፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ወደ ጎን ገለል አለ። የብረት በሩም ሲጢጥ እያለ ተከፈተ።

ከዚያ ቤቱ ፈነዳ። ጀማል "አላሁ አክበር!" ሲል፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች "ሃሌሉያ!" ሲሉ፣ ባንድ ትንፋሽ ነበር። የባጃጅ ሹፌሩ ወጥቶ ጥሩንባውን ለቀቀው። ከገበያው ሰው ሰርግ መስሎት መጣ፤ የዓሣ ሻጯ እልልታ ከሁሉ በላይ ተሰማ፤ እሷ ለምን እልል እንደምትል ባታውቅም ግድ አልነበራትም። እኔን ወደ ላይ አነሡኝ። ጣሪያው ዝቅተኛ ስለሆነ ጭንቅላቴ ቆርቆሮ መታ፤ ምንም አልተሰማኝም። ባሮን ብቻዬን የገደብኩት መሰለኝ። ከበሩ ወዲያ የነበረው ሌላ ዋሻ ነው፤ ይህን ግን ያን ቀን ማንም ልብ አላለውም።

ሲያወርዱኝ አቶ ኦኬሎ ፊቴ ቆመዋል። ኮታቸውን አስተካከሉ። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

እግሬ፣ ይህ የተረገመ እግሬ፣ ሊዘል ብድግ አለ። ጣቶቼን ጫማዬ ውስጥ ጨምድጄ መሬቱን ያዝኩት። በሁለት እጄ ጨበጥኳቸው። እጃቸው ሻካራና ደረቅ ነው፤ የዓሣ መረብ ሽታ አለው። ጀማልም ደንበኞቹም እንዲሰሙ በአማርኛ ነው የጀመሩት፤ በዚህኛው አማርኛ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

"ደህና ነህ?"

"ደህና ነኝ አባቴ።"

"እናትህ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"ወንድሞችህ፣ እህቶችህ?"

"ሁሉም ደህና ናቸው።"

"ሥራ ደህና ነው?"

"ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።"

እጄን አልለቀቁም። ጠበቅ አደረጉት።

"ሚስትህስ? ሚስትህ ደህና ናት?"

"ሚስት እንኳ የለ..." ብዬ ስጀምር ጀማል በክርኑ ጎኔን ወጋኝ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው ውስጥ የነበረውን ሳይ፣ አላፍርም፣ እንባዬ መጣ።

"ደህና ናት አባቴ" አልኩ። "ጀዊ ሥራ ላይ ናት።"

"ሰላም በልልኝ" አሉና እንደገና ጨበጡኝ።